የደወሉ ምላስ

ከሶቻ ወንዝ በላይ፣ በስሎቬኒያ ተራሮች፤
የታላቁ ጦርነት ሦስተኛ ዓመት

ወረቀት ይዘው መጡ፣ ቀይ ሰም የታተመ፣
እጄ ሳላዘው ግንባሬ ላይ ቆመ።
አልዋሽም፣ እኔም ወታደር ነበርኩኝ፣
በወጣትነቴ ለዚህ ዘውድ ቆሰልኩኝ፤
ጉልበቴ ዛሬም ድረስ ዝናብ ሲመጣ ያውቃል፣
ከቄሱ አስቀድሞ ሰማዩን ያነባል።
ግብሬን አላስቀረሁም፣ ባንዲራ ሰቅያለሁ፣
ልጄን ሎቭሬንትስን መርቄ ልኬያለሁ።

ወረቀቱ የሚለው አጭር ነው፣ አያደክም፦
«ነሐስ ያለው ሁሉ አገሩን ይጠቅም፤
ደወላችሁ ይውረድ፣ እቶን ውስጥ ይገባል፣
ከክረምቱ በፊት መድፍ ሆኖ ይወጣል።»

እሁድ ዕለት ቄሱ አባ ኡርባን ቆሙ፣
ከወንጌሉ መርጠው አንድ ቃል አሰሙ፤
«የቄሣርን» አሉ፣ «ለቄሣር ስጡት»፣
ከዚያ ሳል ያዛቸው፣ ቀሪውን ተዉት።
አርባ ዓመት ሰምቼ ቃሉን አውቀዋለሁ፣
ግማሹ የት ገባ ብዬ ጠብቄያለሁ፤
ሳሉ ግን አልለቀቀም፣ ጸሎቱም አለቀ፣
ግማሹ ወንጌል ሳል ውስጥ ወደቀ።

ማታ ፋኖስ ይዤ ወደ ማማው ወጣሁ፣
ሰባ ሁለት ደረጃ፣ በየአሥሩ ተቀመጥሁ።
ጌታ ዲናር ይዞ የጠየቀው ትዝ አለኝ፣
«ይህ መልክ የማነው?» ያለው አሳሰበኝ።
ፋኖሴን አስጠግቼ ዙሪያውን አየሁት፣
የቄሣርን መልክ በነሐሱ አጣሁት፤
እመቤታችን ናት፣ ልጇን አቅፋ ያለች፣
አፍንጫዋ በዝናብ፣ በዘመን ያለቀች።
በአያቶቼ ዘመን፣ ሲቀልጥ በእቶን፣
ሴቶች ጥለውበታል የጣት ቀለበትን።
«የእሷ ነው» ብል በአፌ ክህደት መሰለብኝ፣
ለርግቦች ነገርኩ፣ ሌላ ሰሚ ጠፍቶብኝ።
ሌላም ጥያቄ መጣ፣ መጥቶም አልተመለሰ፦
የልጄ ፊት የማን መልክ ነው?
                    ፋኖሴ ዘይት ጨረሰ።

ሐሙስ በገመድና በበሬ አወረዱት፣
ሳሩ ላይ ተጋድሞ ልጆች ከበቡት፤
ኔዣ በጠመኔ የባሏን ስም ጻፈች፣
ሌላዋም የወንድሟን፤ አንዲቷ ግን ሳመች።
ወታደሩ ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣
«ምላሱ ብረት ነው፣ አይጠቅመንም» አለ፣
ፈትቶም ጣለልኝ እግሬ ሥር በጭቃው፤
ምላስ የሌለውን ደወል ጋሪው ጫነው።
ዝም ብለን ሸኘነው እስከ ድልድዩ ድረስ፣
ለሞተ ሰው ሁሉ እሱ ነበር የሚያለቅስ፣
ለራሱ ለቅሶ ግን የቀረው ይህ ምላስ።

ዘውድ ለደፋ ጌታ ደወል ቀለጠለት፣
መድፉ ተደገነ፣ ሰው ተደፋለት።

አገር ምንድን ነው? ብላችሁ ብትሉኝ፣
ካርታ አላውቅም እኔ፣ ድንበር አታስቆጥሩኝ፤
ቀትር ሲደወል ግን፣ ማጭድ መሬት ያርፋል፣
ገበሬው ቆቡን አውልቆ አንገቱን ይደፋል፤
ድምፁ እስከሚሰማበት፣ እስከዚያ ነው አገሬ፣
ከጥዱ ጫካ ወዲህ፣ ከወፍጮው እስከ በሬ።
ከዚያ አልፎ የሚበር ጥይት ካለ ባሻገር፣
እሱን ይጠይቁት ምን እንደሆነ አገር።

ልጄ ደብዳቤ ጻፈ፣ በመስከረም መባቻ፦
«አዲስ መድፍ መጣልን፤ መልኩ አይደለም፣ ድምፁ ብቻ
ከእኛ ቤት ይመስላል። አባ፣ ታምነኛለህ?
ሲተኮስ ሳላውቀው ቆቤን አወልቃለሁ።»
ሌላ አልጻፈም። እኔም መልስ አልላክሁም፣
ሦስቴ ብዕር አንሥቼ «ልጄ» ከማለት አላለፍሁም።

አሁን የባቡር ሐዲድ ስባሪ አንጠልጥዬ
በዚያው በምላሱ እመታለሁ፣ ቀትር ነው ብዬ።
ድምፁ ቀጭን ነው፣ ወፍጮው ጋ ይሞታል፤
አገሬ ጠበበች፣ ቆቤ ግን ይወልቃል።
ቄሱ ትናንት ሲያልፉ ቆም ብለው ሰሙኝ፣
ሳላቸው አልመጣም፤ ምንም ግን አላሉኝ።

ኔዣ ጆሮ የላትም፤ ደወሉ ሳለ ግን
በወለሏ መንቀጥቀጥ ታውቅ ነበር ቀትርን።
ዛሬ ደጄ ላይ ቆማ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣
«ጋሽፔር፣ ደወልክ ወይ?» ብላ ጠየቀች።
ራሴን ነቀነቅሁ።
እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አማተበች።